ፍለጋና ቅኝት፤ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ፕሮግራም የማግኛ ሁለቱ መንገዶች

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8 የተባለውን ሥርዓት ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ሥራውን ለመጀመር ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ ብዙ ሰው ዓይኑ በልማድ ወደ ገጹ ግራ ታችኛ ጥግ ሄደ። በዚያ ጥግ ለ17 ዓመታት ተተክሎ የኖረው «ስታርት» የተባለው ቁልፍ ግን በቦታው አልነበረም። ሰውየው በአዲሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሆኖ የሚፈልገውን ፕሮግራም ስም በኪቦርዱ መጻፍ ቢጀምር ኮምፒዩተሩ ወዲያው ፈልጎ ያቀርብለት ነበር። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ይጻፍ የሚል ሣጥንም ሆነ ምልክት በገጹ ላይ አይታይም። ዘዴው ነበረ፤ መኖሩን የሚነግር ግን አልነበረም።

ይህ ነገር ለአንድ ሰሞን ብቻ ያነጋገረ የንድፍ ጉድለት መስሎ ቢታይም፣ ሥሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ክርክር ነው። አንድ አንባቢ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። የመጽሐፉን ወይም የደራሲውን ስም የሚያውቅ እንደሆነ ወደ ካርዱ ሣጥን ሄዶ ቁጥሩን ያወጣል። የማያውቅ እንደሆነ ግን በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ የመጻሕፍቱን ጀርባ እያነበበ፣ ዓይኑ ያረፈበትን አውጥቶ ያገላብጣል። የመጀመሪያው ፍለጋ፣ ሁለተኛው ቅኝት ሊባል ይችላል። በኮምፒዩተር ገጽ ላይም ፕሮግራም ማግኘት የሚቻለው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። የገጽ ንድፍ ታሪክም በአብዛኛው ሚዛኑ ከአንደኛው ወደ ሌላው ሲያጋድል የታየበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትእዛዝ ዘመን

ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በቀጥታ መነጋገር በጀመረበት ጊዜ የመነጋገሪያው መንገድ በአብዛኛው ጽሕፈት ነበር። በ1969 በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ሲጀምሩ፣ ትእዛዝ የሚተላለፈው ቴሌታይፕ በተባለ የጽሕፈት መኪና አማካይነት ነበር። በዘመኑ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ በአንድ ሰከንድ ከ10 ፊደላት በላይ ማተም አይችልም። ስለዚህ የትእዛዞቹ ስሞች አጭር መሆናቸው ይፈለግ ነበር። ፋይል ለመገልበጥ «ሲፒ»፣ የፋይሎችን ዝርዝር ለማየት «ኤልኤስ»፣ የአንድን ፋይል ይዘት ለማሳየት ደግሞ «ካት» የሚሉ ስሞች ወጡ። ይህ የመጨረሻው ቃል በእንግሊዝኛ ድመት ማለት ቢሆንም፣ የተወሰደው ማያያዝ የሚል ትርጉም ካለው ረጅም ቃል ተቆርጦ ነው።

ለለመደው ሰው ከዚህ የሚፈጥን መንገድ የለም። ሁለት ፊደል ጽፎ የፈለገውን ያገኛል። ለእንግዳው ግን በሩ ዝግ ነው፤ ከፊቱ ያለው ባዶ መስመር ስለሆነ፣ ምን ምን እንዳለ ሳይነግረው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። የሥነ ልቡና ሊቁ ዶናልድ ኖርማን በ1981 ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ዩኒክስን አጥብቆ የነቀፈው በዚህ ምክንያት ነበር። የሥርዓቱን ውስጣዊ አሠራር አድንቆ፣ የትእዛዞቹ ስሞች ግን ከሥራቸው ጋር የማይገናኙና ለማስታወስ የሚያስቸግሩ መሆናቸውን አስረድቷል።

የጠረጴዛው አምሳል

የሰው አእምሮ አንድን ነገር ከባዶ ከማስታወስ ይልቅ፣ ያየውን ነገር እንደገና ሲያይ ለይቶ ማወቁ እጅግ ይቀለዋል። ይህን ሮጀር ሼፐርድ የተባለ ተመራማሪ በ1967 ባወጣው ጥናት በግልጽ አሳይቶ ነበር። 612 ሥዕሎችን ለተፈታኞች አከታትሎ ካሳየ በኋላ፣ አስቀድመው ያዩትን ሥዕል ካላዩት ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲያቀርብላቸው፣ ከመቶ ከ95 በላይ በሚሆነው ጊዜ ያዩትን በትክክል ለዩ። እነዚያን 612 ሥዕሎች በቃል ዘርዝሩ ቢባሉ ኖሮ የዚህን ጥቂት ክፍል እንኳ መጥራት ባልቻሉ ነበር።

ይህን የአእምሮ ጠባይ ለኮምፒዩተር ገጽ መሠረት ያደረጉት ዜሮክስ በ1970 በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል የሠሩ ባለ ሙያዎች ናቸው። ዳግላስ ኢንግልባርት በዲሴምበር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በሰፊ ጉባኤ ፊት ያሳየው ማውዝ በእጃቸው ነበር። ዴቪድ ካንፊልድ ስሚዝ በ1975 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ላይ «አይከን» ብሎ የሰየመው ትንሽ ሥዕላዊ ምልክትም ተጨመረ። ከእነዚህና ከሌሎችም የምርምር ውጤቶች በ1981 «ስታር» የተባለው ኮምፒዩተር ተወለደ። የስታር ገጽ የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛን አምሳል ያዘ፤ በላዩም ላይ ወረቀት፣ መዝገብ፣ የፖስታ ሣጥን ይታያል። ንድፍ ሠሪዎቹ የተነሡበት መመሪያ አጭር ነበር፤ ሰው ሊያያቸውና ሊያመለክታቸው የሚችላቸውን ነገሮች እንዲያስታውስና እንዲጽፍ አይገደድ የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በስታር ገጽ ላይ ሠራተኛው የሚከፍተው ሰነድ እንጂ ፕሮግራም አልነበረም። ሰነዱን ሲከፍት ለሰነዱ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ራሱ ይነሣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የት አለ የሚለው ጥያቄ ገና አልተወለደም ነበር። ዋጋው ከ16,000 ዶላር በላይ በመሆኑ ስታር በገበያ ሳይሳካለት ቢቀርም፣ አሳቡ ወደ አፕል ኩባንያ ተሻገረ። በጃንዋሪ 1983 ሊሳ፣ በጃንዋሪ 1984 ደግሞ ማኪንቶሽ ወጡ። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ 2,495 ዶላር ሲሸጥ የሚሠራበት ዲስክ 400 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። በአንድ ዲስክ ላይ የሚገኙት ፕሮግራሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ አንድ መስኮት ተከፍቶ በአንድ ዓይን ሁሉም ይታያሉ። ቅኝት ሙሉ በሙሉ ያሸነፈበት ዘመን ይህ ነበር፤ ያሸነፈውም የሚቃኘው ነገር ጥቂት ስለነበረ ጭምር ነው።

ዝርዝሩ ሲረዝም

ሃርድ ዲስክ በየግል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከገባና የፕሮግራሞች ብዛት ወደ አሥሮች ካደገ በኋላ፣ ነገሩ እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም። ማይክሮሶፍት በሜይ 1990 ያወጣው ዊንዶውስ 3.0 ፕሮግራሞችን በቡድን በቡድን በትናንሽ መስኮቶች ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። መስኮቶቹም በመስኮት ላይ እየተደራረቡ እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ። ኩባንያው ለቀጣዩ ሥርዓት ንድፍ ሲያዘጋጅ በሙከራ ክፍል ጀማሪዎችን አስቀምጦ ሲመለከት፣ በዓይን የማይታይን ፕሮግራም አግኝቶ መክፈት ለእነርሱ ከከባዶቹ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ንድፍ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ገጽ ለመሥራት አስበው ነበር። ጀማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሌላ ገጽ መሸጋገር ሊኖርበት መሆኑን ከተረዱ በኋላ ግን አሳቡን ትተው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁልፍ ለመሥራት ወሰኑ። በኦገስት 24 ቀን 1995 የወጣው የዊንዶውስ 95 «ስታርት» ቁልፍ መነሻ ይህ ነው። የት ልጀምር ለሚለው ጥያቄ መልሱ በገጹ ላይ ተጽፎ ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ እያደር ረዘመ። ከዝርዝር ውስጥ ዝርዝር፣ ከእርሱም ውስጥ ሌላ ዝርዝር ይወጣ ጀመር። ብዙ ፕሮግራሞች የሚቀመጡት በሥራቸው ዓይነት ሳይሆን በሠሪው ኩባንያ ስም በተሰየመ ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ ተጠቃሚው ደብዳቤ የሚጽፍበትን ፕሮግራም ለማግኘት አስቀድሞ ፋብሪካውን ማወቅ ያስፈልገው ነበር። ማይክሮሶፍት ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ብሎ በኦፊስ 2000 እና በዊንዶውስ 2000 ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነኩ ስሞችን ከዝርዝሩ የሚሸሽግ ዘዴ አስገባ። ዘዴው ዝርዝሩን አሳጠረ፤ ነገር ግን ትናንት በሦስተኛው መስመር የነበረው ዛሬ በሁለተኛው ሲገኝ፣ ወይም ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር፣ በእጅ ልማድ የሚሠራው ሰው ግራ ይጋባ ነበር። ቅኝት የሚጠቅመው ነገሩ በቦታው የጸና ሲሆን ነውና።

የቦታን ጥቅም ዲቦራ ባሮና ቦኒ ናርዲ በ1995 ባሳተሙት ጥናት አጥብቀው አስገንዝበዋል። ሰዎች ፋይላቸውን ሲያፈላልጉ በአብዛኛው በስም ከመፈለግ ይልቅ ያስቀመጡበትን ቦታ ተከትለው መሄድን ይመርጣሉ። ቦታው ከማግኛነት አልፎ ማስታወሻም ይሆናቸዋል። በጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠ ነገር ባለቤቱ ሳይጠራው ራሱ ያስታውሰዋል፤ ስም ካልተጠራለት የማይመጣ ነገር ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

የፍለጋ መመለስ

የፍለጋ ዘዴ ፈጽሞ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ኔክስት በተባለው ሥርዓት ላይ በ1990ዎቹ የተጀመረው ሎንችባር፣ ተጠቃሚው ጥቂት ፊደላት ሲጽፍ የሚመሳሰሉትን ፕሮግራሞች ያቀርብ ነበር። የማኪንቶሽን ሥራ ያስጀመረው ጄፍ ራስኪንም በ2000 ባወጣው መጽሐፍ፣ ራሱ ወደ ዓለም እንዲመጣ የረዳውን የአይከን ሥርዓት ተችቶ፣ ሰው የፈለገውን በጽሑፍ ጠርቶ የሚያገኝበት ገጽ የተሻለ መሆኑን ተከራከረ።

በሰፊው የተመለሰው ግን አፕል በኤፕሪል 2005 «ስፖትላይት» የተባለውን የፍለጋ መሣሪያ፣ ማይክሮሶፍትም በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ በሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ በስታርት ዝርዝሩ ግርጌ የፍለጋ ሣጥን ባስቀመጡ ጊዜ ነው። አሠራሩ ሲታይ ከጥንቱ የትእዛዝ መስመር ጋር አንድ አይደለም። ኮምፒዩተሩ የፕሮግራሞችንና የፋይሎችን ማውጫ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ተጠቃሚው አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ማውጫውን አጣርቶ የቀሩትን ያሳያል። ስለዚህ ስሙን እስከ መጨረሻው ማስታወስ አያስፈልግም፤ ጅማሬውን አስታውሶ የቀረውን ከሚታየው መካከል መለየት ይበቃል። ግማሹ ማስታወስ፣ ግማሹ አይቶ ማወቅ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ዘዴ መሳካት ምሥጢሩም ይኸው ነው።

ይህም ሆኖ ፍለጋው ሲሻሻል ሰዎች ቅኝትን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ የሚለው ግምት እውነት ሆኖ አልተገኘም። ኦፈር በርግማንና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የተሻሻለ የፍለጋ መሣሪያ ያገኙ ሰዎች እንኳ ለግል ፋይሎቻቸው በፎልደሮች ውስጥ መዘዋወርን እንደሚመርጡ፣ ፍለጋን የሚጠቀሙትም በአብዛኛው ቦታው ሲጠፋባቸው እንደሆነ አመለከቱ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአእምሮን እንቅስቃሴ በሚያሳይ መሣሪያ ተመርኩዞ፣ በፎልደሮች መካከል መዘዋወር በእውነተኛ ቦታ መንገድ ከመፈለግ ጋር የሚቀራረቡ የአእምሮ ክፍሎችን እንደሚያሠራ፣ በቃል መፈለግ ግን ከቋንቋ ጋር የተያያዙትን ክፍሎች እንደሚያሠራ አስረዳ። ቋንቋን የሚያሠራ ዘዴ ሌላ ነገር በቃል እያሰበ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ሸክም ነው።

የሁለት ዓመታት ሙከራ

በ2011 እና በ2012 ንድፍ ሠሪዎች ሚዛኑን በአንድ ጊዜ ወደ ፍለጋ ለማዘንበል ሞከሩ። በኤፕሪል 2011 የወጣው ኖም 3 የድሮውን የፕሮግራም ዝርዝር አስወግዶ መስኮቶችን፣ ፕሮግራሞችንና የፍለጋ ሣጥንን በአንድ ገጽ ላይ አቀረበ። በዚያው ወር ኡቡንቱ በ11.04 እትሙ «ዩኒቲ» የተባለውን መደበኛ ገጹ አደረገ፤ «ዳሽ» የተባለው ክፍሉም በፍለጋ ሣጥን ይከፈት ነበር። በኤፕሪል 2012 ደግሞ በፕሮግራሞች ውስጥ ያሉትን ትእዛዞች ጭምር ስማቸውን ጽፎ መጥራት የሚያስችል ዘዴ ጨመረ። በመጨረሻም በመግቢያው የተጠቀሰው ዊንዶውስ 8 መጣ።

ለፍለጋ የለመዱ ሰዎች አዲሱን አሠራር ወደዱት። ሌሎች ግን ተቃወሙት፤ ምክንያቱም የተወሰደባቸው መንገዱ ብቻ ሳይሆን ምልክቱ ጭምር ነበር። ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2013 ባወጣው ዊንዶውስ 8.1 ቁልፉን ወደ ጥጉ መለሰ፤ በኤፕሪል 2014 በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታይ የፍለጋ ምልክት አስቀመጠ፤ በጁላይ 2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝርዝሩንም የፍለጋ ሣጥኑንም ጎን ለጎን አደረጋቸው። ኡቡንቱም በ2017 ዩኒቲን ትቶ ወደ ኖም ተመለሰ። ሦስት ዓመት ያልሞላው የዊንዶውስ 8 ታሪክ ያስተማረው ነገር፣ ፍለጋ ራሱ ቢሆን በቅኝት መገኘት እንዳለበት ነው።

የስም ነገር

ፍለጋ በስም ላይ የቆመ ነውና ጥንካሬው ከስሙ ጥንካሬ አይበልጥም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የፕሮግራምን ስም የሚያወጣው ግን የሻጩ ድርጅት ነው። የሰንጠረዥና የሒሳብ ሥራ የሚፈልግ ጀማሪ «ኤክሴል» ብሎ እንዲጽፍ፣ ድረ ገጽ ማየት የሚፈልግም «ፋየርፎክስ» እንዲል ከስሙ የሚያስገምት ምንም ነገር የለም። ጆርጅ ፈርናስና ባልደረቦቹ በ1987 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ነገር በየራሳቸው ስም እንዲያወጡ ቢጠየቁ፣ አንድ ዓይነት ቃል የሚመርጡት ከመቶ ከ20 ባነሰው ጊዜ ብቻ መሆኑን አረጋግጠዋል። ያቀረቡት መፍትሔም አንድን ነገር በአንድ ትክክለኛ ስም ብቻ ከመጥራት ይልቅ፣ ሰዎች ሊሏቸው የሚችሉትን ስሞች ሁሉ መቀበል የሚል ነበር። ዛሬ በሊኑክስ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከስሙ ሌላ የመፈለጊያ ቃላት የሚመዘገቡበት መስመር ያለው በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

ይህ ችግር በአማርኛ ሲታይ እጥፍ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ፣ እንደሚገባው እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ከዚህም የተነሣ የሰዓት ፕሮግራምን የሚፈልግ ሰው «ሰዓት»፣ «ሰአት»፣ «ሠዓት» ወይም «ሠአት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ፊደል በፊደል የሚያስተያይ ፍለጋ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ተቀብሎ ለቀሩት ምንም አልተገኘም ይላል። «ኮምፒዩተር»፣ «ኮምፒውተር»፣ «ኮምፕዩተር» እየተባለ የሚጻፈው የውሰት ቃልም እንዲሁ ነው። የፕሮግራሙ ስም በላቲን ፊደል ተመዝግቦ ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የሚገናኝ ነገር አይኖርም። በዚያች ሰዓት ተጠቃሚውን የሚያድነው በዓይን የሚታየው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ የፊደል ስሕተት አያውቅምና። መፍትሔው ለባለ ሙያ ከባድ አይደለም። ከማስተያየቱ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ፣ የፕሮግራሙንም ስም በሁለቱም ፊደላት መመዝገብ ይበቃል። የሚያስፈልገው ችግሩ መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ውጤቱን የሚመርጠው ማን ነው?

ቅኝትና ፍለጋ በሌላም ነገር ይለያያሉ። በመደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ ይታያል፤ በፍለጋ ግን የሚታየው መካከለኛው መርጦ ያቀረበው ነው። ኡቡንቱ በኦክቶበር 2012 ባወጣው 12.10 እትም፣ ሰው የራሱን ፕሮግራም ወይም ፋይል ለማግኘት በዳሽ ውስጥ የጻፈው ቃል በኢንተርኔት ተልኮ ከአማዞን የሚሸጡ ዕቃዎች በውጤቱ መካከል እንዲቀርቡ ተደረገ። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ስለላ ብሎ አወገዘው፤ በኤፕሪል 2016 በወጣው 16.04 እትም አሠራሩ ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ በቀር እንዳይሠራ ሆነ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፍለጋ ውስጥም ከድረ ገጽ የሚመጡ ውጤቶች ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ካሉት ጋር ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2023 የአውሮፓን የዲጂታል ገበያ ሕግ ለማክበር ሲል፣ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ያሉ ተጠቃሚዎች የቢንግን ውጤት ማስወገድ እንዲችሉ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በራስ ቤት ውስጥ የራስን ዕቃ መፈለግ ለሻጭ ጥሪ መሆን የለበትም የሚለው ክርክር በሕግ ደረጃ ደረሰ ማለት ነው።

መደምደሚያ

በሴፕቴምበር 2025 አፕል ባወጣው ማክኦኤስ ታሆ፣ ከ2011 ጀምሮ የፕሮግራሞችን ሥዕሎች በገጹ ሙሉ ይደረድር የነበረው «ሎንችፓድ» ቀርቶ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር በስፖትላይት ውስጥ ገባ። ቅኝቱ አልጠፋም፤ በፍለጋው ቤት ውስጥ ክፍል ተሰጠው። ሎንችፓድን በለመዱት ዘንድ ቅሬታ መፍጠሩም አልቀረም፤ ሥዕሎቹን በፈለጉት ቦታ ደርድረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ያጡት የገዛ እጃቸውን ሥርዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንደኛው መንገድ ከሌላው ይበልጣል የሚል አይደለም። ፍለጋ ስሙን ላወቀ ሰው ጊዜ ይቆጥባል፤ ቅኝት ስሙን ላላወቀው እውቀት ይሰጣል። አንዱ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ይሆናል፤ ጠዋት የለመደውን ሥራ ሲጀምር ፈላጊ፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር ሲገጥመው ቃኚ ነው። ንድፍ ሠሪው ራሱ የሁሉን ፕሮግራም ስም በቃሉ የሚያውቅ ስለሆነ፣ ለራሱ በሚመቸው ሚዛን ሥርዓቱን ሲሠራ ቃኚውን መርሳት ይቀለዋል። ዩኒክስን በሠሩት ዘንድ ይህ ሆነ፤ ዊንዶውስ 8ን በሠሩትም ዘንድ ከ40 ዓመታት በኋላ ተደገመ። ለሕዝብ የሚሆን ገጽ ለመንደፍ የሚቀመጥ ባለ ሙያ ሥራውን ሲጨርስ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ እንግዲህ፣ የሚያውቀው ሰው በስንት ሰከንድ ያገኘዋል የሚለው ብቻ አይደለም። ስሙን የማያውቀው፣ በሌላ ፊደል የሚጽፈው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አለው ወይ ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።